ውሾቹ በሁዳዴ የሚሄዱበት

የፋሩቅ ልኳንዳ ከፒያሳ ወደ አፍንጮ በር በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከእኔ ደጅ ፊት ለፊት ነው። ነጭ ጋዋኑን ራሱ ያጥባል፤ የላይኛዋ ቁልፍ ሰማያዊ ናት፣ ነጯ ጠፍታበት በእጁ የተከላት። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ሲዘጋ የሰፈሩ ውሻ ወደ እሱ ይጎርፋል፤ እሱም አጥንቱን ሳይሰስት ይበትንላቸዋል። ሚስቱ አስማ፣ "ውሻ የላሰውን እጅህን ሳትታጠብ እንዳትገባ!" እያለች ከበር ትመልሰዋለች።

ሔርሜላ የምትባል የእንስሳት አጥኚ በውሾቹ አንገት ላይ መከታተያ አንጠልጥላ መዋያቸውን ለስድስት ዓመት ስታጠና ቆየች። በቅበላ ሰሞን ኮምፒውተሯን ባንኮኒው ላይ ከፍታ ካርታ አሳየችው።

"ጋሽ ፋሩቅ፣ ቀያዮቹ ነጥቦች ውሾቹ ናቸው። ጾሙ አንዳንድ ዓመት ቀደም፣ አንዳንድ ዓመት ዘግየት ብሎ ይገባል አይደል? እነሱም አብረውት ይቀድማሉ፣ አብረውት ይዘገያሉ። ሁሉም የሚሰበሰቡት እርስዎ በር ላይ ነው።"

"ምን ያድርጉ የኔ ልጅ፣ እነሱ የንስሐ አባት የላቸው!" ብሎ ሳቀ።

እሷ ውሾቹ እንዲከተቡ ብላ ጥናቱን ለአንድ ጽሕፈት ቤት አቀረበች። እዚያ ያሉት ካርታውን አይተው ከክትባቱ መርዝ ይቀላል አሉ። በጾሙ እኩሌታ እያለቀሰች ለፋሩቅ ደወለችለት።

"ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ጋሽ ፋሩቅ፣ ያባሯቸው!"

ልኳንዳውን ዘጋ። ውሾቹ ግን በሩ ላይ ተኙ። ድንጋይ ወረወረባቸው፤ አንዲት ቡናማ ውሻ አጥንት መስሏት ድንጋዩን አሸተተች።

"ፋሩቅ፣ አንተም ጾም ያዝክ እንዴ?" አለው ልብስ ሰፊው ዘገዬ እያለፈ።

ፋሩቅ የፈላ ውሃ አምጥቶ ደፋባቸው። ቡናማዋ ጀርባዋ ተላጠ፤ እየጮኸች ከመንገዱ ማዶ ሄዳ ተኛች። የቀሩት ሲመሽ ተመለሱ።

ጠዋት ሰዎቹ በመኪና መጥተው የተመረዘውን ሥጋ በተኑ። ውሾቹ እየተሻሙ በሉ፤ ወዲያው መንዘፍዘፍ ጀመሩ። ቡናማዋ ብቻ ካለችበት አልተነሳችም። ወደ እሷ ቢወረውሩላትም ፈርታ ሸሸች።

ፋሩቅ ይህን ሲያይ ከደጁ ወጥቶ፣ "ሂጂ! ሂጂልኝ!" ብሎ በኃይል ጮኸ።

ድምፁን ስትሰማ ቆመች። ጅራቷን እየቆላች፣ በዚያ በተላጠ ጀርባዋ፣ መንገዱን ተሻግራ ወደ እሱ መጣች። ሥጋው እግሩ ሥር ነበር።

"እናመሰግናለን ጋሼ፣" አለው ጓንት ያጠለቀው ሰውዬ።