ጠፋ ያልኩት ካርታ

ከሚሴ ውስጥ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ውል፣ አቤቱታ፣ የልደት ካርድ ጥያቄ፣ የመጣውን ሁሉ። ከሁሉም የለመድኩት ግን የጠፋ ካርታ ማመልከቻ ነበር። የቤታቸው ይዞታ ማረጋገጫ እሳት የበላባቸው፣ ጎርፍ የወሰደባቸው፣ ቤት ሲለቁ የት እንዳስገቡት የጠፋቸው ሰዎች ይመጣሉ። «ምትክ ካርታ እንዲሰጠኝ» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። ጽፌ ስጨርስም እመክራቸው ነበር። ዋናውን ለደላላ አትስጡ፣ ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፣ ኮፒ ስትሰጡ ለምን ጉዳይ እንደሰጣችሁ ላዩ ላይ ጻፉበት እላለሁ። አመስግነውኝ ይሄዳሉ። ታማኝ ነው ይሉኝ ነበር።

የወለደችኝን እናቴን አላውቃትም፤ በሕፃንነቴ ነው የሞተችው። ያሳደገችኝ አባቴ ኋላ ያገባት ሴት ናት። አዮ ነው የምላት፤ በኦሮምኛችን እናቴ እንደማለት ነው። የራሷ ልጅ አልወለደችም። ሰንበቴ ገበያ ቅቤ እየሸጠች እኔን አስተማረች። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። ደብተሬን ግን በየቀኑ ታገላብጠው ነበር፤ የተጻፈበት ገጽ ከበዛ ደስ ይላታል።

አባቴ፣ አላህ ይርሐመው፣ ሕመሙ ሲጸናበት ቤቱን በስጦታ ወደ እኔ ስም አዛወረው። ቢሮ መመላለስ የምችለው እኔ ነበርኩና ነገሩ እንዲቀል ብሎ ነው። አዲሱ ካርታ ወጥቶ ወደ ቤት ያመጣሁ ቀን ትራስ ደግፌ ቀና አደረግኩት። ወረቀቱን አየት አድርጎ ለአዮ ዘረጋላት። «ስሙ የሱ ነው፤ ቤቱ ግን አንቺ እስካለሽ ያንቺ ነው። ይህ ወረቀት ከእጅሽ አይውጣ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ሰምተሃል ወይ አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። የጽሕፈት ቤቴ አከራይ ክፍሉን ለልጁ ፈልጎት ልቀቅ አለኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአባቴን ቤት የሚፈልግ ነጋዴ መጣ። ቤቱ አስፋልት ዳር ነው፤ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት አስቧል። ቤቱን ብሸጥ የራሴን መሥሪያ ቦታ እገዛለሁ፤ አዮንም ከእኔ ቤት አጠገብ ሁለት ንጹሕ ክፍል ተከራይቼ አኖራታለሁ፤ ለሷም ቢሆን ከዚያ ከሚያፈስ ጣሪያ ይሻላታል እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ለሷ ግን አልነገርኳትም። እምቢ ትለኛለች ብዬ አይደለም። ወረቀቱን አምጪ ስላት የአባቴን ቃል ስታስታውስ ፊቷን ማየት ፈራሁ። ካርታው ጠፋ ብል ግን ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም። መንገዱን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የጠፋ ነገር የሚመዘግበው ፖሊስ ደንበኛዬ ነው። የት እንደጠፋ ጠየቀኝ። ከሰንበቴ በሚኒባስ ስመለስ ከቦርሳዬ ሳይወድቅ አልቀረም አልኩት። ሳልጠየቅ የተቀመጥኩበትን ቦታ ሳይቀር ነገርኩት፤ ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል። አዝኖልኝ ራሱን ነቀነቀ። አጭበርባሪ እጅ ገብቶ እንዳይሸጥብህ ቶሎ ማስታወቂያ አስወጣ ብሎ መከረኝ። እኔ ለሰው የምሰጠውን ምክር ነው መልሶ የሰጠኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ቀበሌው ምስክር ፈለገ። አብሮ አደጌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ነው። ስጠራው ስፌቱን አቋርጦ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣ። ወረቀቱን አላነበበም። «አንተ ጠፋ ካልክ ጠፍቷል» ብሎ ፈረመ።

ማዘጋጃ ቤት ያለችው ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ሥራዋ ላይ ቀልድ አታውቅም። ካርታው በሌላ ሰው እጅ እንደሌለ፣ ለማንም በዋስትና እንዳልሰጠሁት፣ ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ የሚገልጽ ፎርም ሰጠችኝና ሞልቼ ፈረምኩ። ከዚያ ተቃዋሚ ካለ ቀርቦ ያመልክት የሚል ማስታወቂያ አዘጋጀች። የቢሮው ማተሚያ ቀለም ጨርሶ ስለነበር ፍላሿን ይዛ መንገዱን ተሻግራ ሱቄ መጣች። ሦስት ቅጂ አተምኩላት። አንዱ ለማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ፣ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፍ ነበር። የበሩን እኔ እለጥፈዋለሁ አልኳት። ባለቤት ነኝ ባይ ሁሉ ተነሥቶ የሰው ቤት እንዳይወስድ የሚጠብቀው ያ ወረቀት እንደሆነ አውቃለሁ። አራት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ማስታወቂያው ተለጥፎ በቆየበት ጊዜም በየጁምዓው ከስግደት በኋላ አዮ ጋ ምሳ እበላ ነበር። አንድ ቀን ከሳህብኝ፣ ምን ሆነሃል ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት።

ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ባለሙያዋ ደውላ ቢሮ ና አለችኝ። ስገባ አዮ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ለዒድ የምትለብሰውን ሻሽ አድርጋለች፤ ጉልበቷ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጎረቤቷ ለልጇ የልደት ካርድ ልታወጣ መጥታ ስሜን ሰሌዳው ላይ አንብባ ነግራታለች። አዮ እንዳየችኝ ተነሣች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ካርታ ጠፋብኝ ብለህ ስትንከራተት ሰነበትክ አሉኝ» አለችኝ። «እኔ ጋ ነው'ኮ ያለው። ይኸው፣ አባትህ እንደሰጠኝ ነው።»

ባለሙያዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሩን ከፋይሉ ጋር አመሳከረች። ከዚያ የሞላሁትን ፎርም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ እኔ አላየችም።

«እናቴ፣ ካርታው እርስዎ ጋ እንዳለ ልጅዎ ያውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

አዮ አየችኝ። ቆማ፣ ልጅ ሳለሁ ትኩሳቴን ስትለካ እንደምታየኝ፣ ደህና አድርጋ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የገባት ይመስለኛል።

«አያውቅም» አለች። «አባቱ ሲሰጠኝ እሱ አልነበረም። እኔ ነኝ ያልነገርኩት። ወላሂ አያውቅም።»

አዮ በከንቱ የማትምል ሴት ናት። ገበያ ላይ እንኳ ቅቤዋን ንጹሕ ነው ብላ አትምልም፤ ቅመሱት ነበር የምትለው። ባለሙያዋ ያለችውን ጽፋ አነበበችላትና አሻራዋን አስደረገቻት። አዮ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ስትጫን፣ እውነቱ እንዲህ አይደለም ማለት እችል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። እስር ፈራሁ፤ ከእስሩም ይልቅ መንገዱን ተሻግሮ ያለውን የሱቄን ስም ፈራሁ። 

ስንወጣ ባጃጅ ልጥራ አልኳት። በእግሬ እሄዳለሁ አለች። የሚኒባሶቹን መናኸሪያ አብረን አለፍን።

«ልትሸጠው ነበር?» አለችኝ በኋላ።

«አዎ።»

«ብትነግረኝ አብረን እናስብበት ነበር» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት ባላስማልከኝ።»

 በሩ ላይ ስንደርስ ካርታውን ዘረጋችልኝ፤ አልወስድም አልኩ፤ መልሳ ያዘችው።

የሚቀጥለው ጁምዓ ምሳ ልበላ ስሄድ ለብቻዬ አቀረበችልኝ። አንቺስ ብላት ጾመኛ ነኝ አለች። የምን ጾም እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አውቄዋለሁ። በሐሰት የማለ ሰው ሦስት ቀን ይጾማል ሲባል ከእሷው አፍ ነው በልጅነቴ የሰማሁት። የእኔን ሐሰት እሷ እየጾመችው እኔ ፊቷ ቁጭ ብዬ በላሁ። ተነሥቼ ብሄድ ይከፋታል ብዬ ነው።

ለነጋዴው ቤቱ እንደማይሸጥ ነገርኩት። ሱቄን ሁለት በር ዝቅ ብሎ ወዳለ፣ ከበፊቱ የጠበበ ክፍል አዛወርኩ። ፖሊሱ ካርታው መገኘቱን ስነግረው እጄን ይዞ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችም አብረው አልሐምዱሊላህ አሉልኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ አዮ በሕይወት እስካለች ቤቱን እንዳልሸጥና እንዳልለውጥ የሚያስገድደኝን ውል ማዘጋጃ ቤት ላስመዘግብ ተነሣሁ። ጽሑፉን እኔ አልጻፍኩትም፤ ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ አስጻፍኩት። በፊርማው ቀን አዮ አንተ ካነበብከው ይበቃል ብላ አውራ ጣቷን ዘረጋች። ባለሙያዋ ታንብብልሽ አልኳት። ባለሙያዋ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበችላት፤ አዮ በኦሮምኛ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችና መልስ ካገኘች በኋላ አሻራዋን አደረገች። ባለሙያዋ የዚያን ቀንም ወደ እኔ አላየችም።

ለልብስ ሰፊው ለመንገር ወር ፈጀብኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ፣ ፊርማው የትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ ብቻ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ቀበሌ ሄደና «የሰጠሁት ምስክርነት ትክክል አልነበረም» ብሎ አስመዘገበ። ቀበሌ ጠርተውኝ እኔም ያደረግኩትን በአፌ ተናገርኩ፤ ጽፈው ማኅደሩ ውስጥ አስገቡት፤ ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ።

አሁንም በየቀኑ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ሱቄ ግን አይገባም፤ የሚያስጽፈው ሲኖረው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጸሐፊ ሲሄድ አየዋለሁ።