ባሌ የቀናበት ሐኪም

ባሌ ቅናተኛ ነው። በእኔ ቢቀና ደስ ባለኝ፤ እሱ የሚቀናው በበሽተኛ ሰልፍ ነው።

ጤና መኮንን ነው። ሰፈሩ «ዶክተር» ሲለው አርሞ አያውቅም። ክሊኒኩ ውስጥ የራሱ ክፍል አለው፤ አሠራሩም የታወቀ ነው። በሽተኛው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ሂድና ደም ስጥ» ይለዋል። ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ብሎ ከመጣ ታይፎይድ ነው፤ ክኒን ያዛል፣ አለቀ። ሰዉም ይወደው ነበር፤ ደም ሳይሰጥ የወጣ ሰው የተታለለ ይመስለዋልና።

ከዚያ ከእሱ ማዶ ያለው ክፍል ወጣት ሐኪም ገባበት። ባሌ «ጡት ያልጣለው» ይለዋል። ልጁ ያወራል፣ ሆድ ይጫናል፣ ጀርባ ያዳምጣል፤ ብዙውን ሰው ያለ ምርመራ ይሸኛል። ሰልፉ ቀስ በቀስ ወደ ማዶ ዞረ። ባሌ በሩን ገርበብ አድርጎ ማን እንደከዳው ሲሰልል ይውላል። ቤት ሲገባ እራቱን ትቶ ልጁን ሲቦጭቅ ያመሻል።

«ዛሬ ደግሞ የነርሷን እናት ወሰዳት። ምን አስነክቷቸው ይሆን?»

በዚህ መሃል እኔ ታመምኩ። ሲመሽ ያተኩሰኛል፣ ተኝቼ በላብ እጠመቃለሁ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ደሜን አስመረመረ፤ ፖዘቲቭ። ክኒኑን ዋጥኩ፣ አልለቀቀኝም። እንደገና አስመረመረ፤ እንደገና ፖዘቲቭ፣ አሁን ደግሞ መርፌ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ የእኔ ባል ሁለቱንም ሆነብኝ። ማዶ ልሂድ ስለው ፊቱ ጠቆረ።

«ሰው ምን ይላል? ሚስቱን እንኳ ማዳን አቃተው ነው የሚሉኝ።»

«ብሞትስ ምን ሊሉህ ነው?» አልኩት።

ራሱ ወሰደኝ። እንደ ማንም አስታማሚ፣ ከገዛ በሩ ትይዩ ተሰለፈ።

ልጁ ወረቀቶቹን አየና ወደ ጎን አደረጋቸው። «ይሄ ምርመራ ድሮ ታይፎይድ የያዘውንም፣ ሌላ ትኩሳት ያለበትንም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ብቻውን አይታመንም» አለ። ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘኝ ጠየቀኝ። ሻሼን አስፈትቶ አንገቴን ሲዳስስ ጣቱ ከጆሮዬ በታች ቆመ።

«እዚህ ጋ እብጠት አለ። ጋሼ፣ እስቲ ይዳስሱት።»

ባሌ ከወንበሩ አልተነሳም። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን እሱ ያላገኘውን ሌላ ወንድ ባንድ አፍታ አገኘው። ያን ቀን በእኔ ቀና፤ ደስ ግን አላለኝም።

ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ የእጢ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል፣ ግን ይድናል አሉኝ።

ውጤቱን ሰምተን ቤት እንደገባን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጁን ወደ አንገቴ ሰደደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ለማዶው ስነግረው ሰምተህ የለ?»

ጣቱን ከእብጠቱ ላይ አላነሳም።

«ያኔ የጠየቀሽ እሱ ነው። አሁን እኔ ነኝ የጠየቅኩሽ፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»