የበለጥሻቸው አንድ ጥያቄ

በለጥሻቸው መርካቶ በርበሬ በረንዳ ባለው የአባቷ የቅመም ሱቅ ከእርሳቸው ጋር አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። የቅመሙን ዓይነት ዳብሳና አሽትታ ትለያለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. አባቷ ሞቱ። ገና አርባቸው ሳይወጣ ታላቅ ወንድሟ ዱባለ ወረቀት ይዞ መጣ።

«የአባታችን ኑዛዜ ነው። ሱቁ የእኔ ሆኗል፤ ቶሎ ልቀቂ» አላት።

አራት ምስክሮች ፈርመውበታል። አንደኛው የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ጋሼ ጁነዲን ናቸው። አባቷ እስከ መጨረሻው የሱቁን ቁልፍ ለእርሷ ነበር የሚሰጡት፤ ስለዚህ አላመነችም። ፍርድ ቤት አመለከተች፤ ቀጠሮ ተሰጣት።

በዚያ ሰሞን ኃይለመለኮት የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ በሬዲዮ ያብራሩ ነበር። ጋሼ ጁነዲን ሬዲዮአቸውን ጮክ አድርገው ይከፍታሉ፤ ተሸካሚው ሳይቀር ቆሞ ያዳምጣል። ለቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀር መምህሩ «ዛሬ ስለ ኑዛዜ እንነጋገራለን። በአራት ምስክሮች ፊት የሚደረግ ኑዛዜ…» እንዳሉ ሬዲዮው ጸጥ አለ።

በለጥሻቸው ቀና ስትል የጋሼ ጁነዲን እጅ ገና ከሬዲዮው ላይ አልተነሣም።

«ባትሪው ደክሟል» አሉና ፊታቸውን አዞሩባት።

ሰኞ ጠዋት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። ዘበኛው ሁለቴ መለሳት። መምህሩ ለምሳ ሲወጡ ግን በሬዲዮ በለመደችው ድምፃቸው ለይታ መንገድ ላይ ያዘቻቸው።

«ጌታዬ፣ የቅዳሜውን ንግግርዎን ሰምቼ ሳልጨርስ ቀረሁ» ብላ ጉዳይዋን ዘረገፈችላቸው።

«እኔ አስተምራለሁ እንጂ አልፈርድም» አሏት። «ያልኩት ግን ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ኑዛዜ ተናዛዡና አራቱም ምስክሮች ባሉበት ካልተነበበ አይጸናም። ኑዛዜው ከወደቀ ደግሞ ሴት ልጅ ከወንዱ እኩል ትወርሳለች።»

«አለመነበቡን በምን አውቃለሁ?»

«ምስክሮቹን ይጠይቋቸው። እውነቱን ከተናገሩ…»

ያቺ «ከተናገሩ» እንቅልፍ ነሳቻት።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ ምስክሮች ተራ በተራ «ተነቧል» ብለው ማሉ። በመጨረሻ ጋሼ ጁነዲን ቁርአን ይዘው ማሉ። ዳኛው እንድትጠይቅ ፈቀዱላት።

«ጋሼ፣ ይህ ወረቀት አባቴ ባሉበት ሲነበብ ሰምተዋል?»

ዱባለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አልሰማሁም» አሉ ሽማግሌው። «ዱባለ ‹ሱቁ እንዳይታሸግ የሚረዳ ማመልከቻ ነው› ሲለኝ አምኜው ፈረምኩ። አባትሽን ከቀበርን በኋላ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ።»

«ውሸት ነው!» ብሎ ዱባለ ብድግ አለ። ዳኛው አስቀምጠውት ሦስቱን መልሰው ጠየቁ። አንዱ ኑዛዜው የተነበበው ቤት ነው ሲል ሌላው ሱቅ ነው አለ፤ ሦስተኛው ጭራሽ አላስታውስም ብሎ አቀረቀረ።

ኑዛዜው ወደቀ። ሱቁ ለሁለት እኩል ተከፈለ፤ መሐሉ ላይ ጣውላ ተመታ።

በለጥሻቸው ሱቋን ስትከፍት በየማለዳው «ዱባለ፣ እንዴት አደርክ?» ትላለች። እስከ አባታቸው ሙት ዓመት ድረስ አንድም ቀን አልመለሰላትም። እርሷም አንድም ቀን ሳትጠይቀው አልዋለችም።