ትኩሷ ማርሚታ

ባለፈው ሳምንት በተሽከርካሪ ምርመራ ግቢ ውስጥ ባለሙያው የጭስ መለኪያውን ቱቦ በባጃጄ ጭስ ማውጫ፣ በማርሚታዋ ውስጥ ሲከተው የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫዬ ገባ። መዳፌ ላይ ያለው አሮጌ ጠባሳ በላኝ። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል፤ ልንገርህ።

ያኔ አዲስ ከተማ የምንሠራ ባጃጅ ነጂዎች የማርሚታችንን ሆድ ዕቃ አስወጥተን ነበር። ባጃጁ ይጮሃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ እኛ ጉልበት የጨመረ ይመስለናል። ጎረምሳነት! ለምርመራ ግን ያልተነካች አንዲት ማርሚታ ነበረችን። ተራ በተራ እየገጠምን ቦሎ እንወስድባታለን፣ ከዚያ ፈትተን ለባለተራው እናቀብላለን።

የኔ ተራ የመጨረሻው ቀን ላይ ዋለ። ያ ቀን ካለፈኝ ባጃጇ ትታሰራለች፤ እናቴና እህቶቼ የሚያድሩት ደግሞ በእሷ ነበር። ማርሚታዋ የልብ ጓደኛዬ ዘንድ ናት። በጠዋት አመጣለሁ ያለኝ ሰው፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል በጨርቅ ጠቅልሏት ከተፍ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኔም ደሜ ፈልቷል።

«ለማን ስታውሳት አረፈድክ?»

«ቆይ፣ ቆይ ላስረዳህ...» ብሎ ወደ ኋላው ሸሸጋት።

በቡጢ አፉን አልኩት። ጨርቁን መንጭቄ ቧንቧዋን ስይዝ መዳፌ ተጠበሰ። ሕመሙ ይባስ አሳበደኝና በዚያው ብረት ጆሮ ግንዱን ደገምኩት። ወደቀ። ደሙ ከጆሮው ወደ አንገቱ ሲወርድ እያየሁ በእርግጫ ጎኑን መታሁት። ተራ አስከባሪው አንቆ ባይጎትተኝ እገድለው ነበር።

ማርሚታዋ መሬት ላይ ሆና ጨርቁን ታጨሰዋለች። ወገቧ ላይ አዲስ ብየዳ አለ። ጠዋት ሲፈታት ተሰንጥቃ ኖሯል፤ እኔ ምርመራውን እንዳልወድቅ በያጁ ዘንድ ተቀምጦ አስበይዷት፣ ሳትቀዘቅዝ ይዟት ሮጦ ነው የመጣው።

እሱ ጤና ጣቢያ ተኝቶ እኔ ከሰዓት በኋላ እሷኑ ገጥሜ አለፍኩ። ዛሬም አፍራለሁ።

ይኸው ባለፈው ሳምንትም አለፍኩ፤ ባጃጄ አሁን ድምጿ አይሰማም። ከግቢው ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ ያን ጓደኛዬን አገኘሁትና ባጃጄ ላይ አሳፈርኩት። ይቅር ካለኝ ቆይቷል። ያ ጆሮው ግን እንደተደፈነ ቀረ፣ ሌላውም እየደከመ ነው። ከኋላ ተቀምጦ ጠበቀ፣ ጠበቀና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«አስነሳት እንጂ፣ ወንድሜ።»

ሞተሯ እየሠራ ነው አላልኩትም። ቁልፉን አዙሬ አጠፋኋትና እንደገና አስነሳኋት።