ጾሜን የጠበቀው ዶሮ

ዛሬ ሌሊት ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ጾሜን እስክፈታ በደች «አምስት፣ አራት፣ ሦስት…» እያሉ ቆጠሩልኝ!

ልጄ የነርስነት ፈተናዋን አለፈችና «እማዬ፣ ዛሬ ጋባዧ እኔ ነኝ» ብላ ኢዛካያ ወሰደችኝ። ጃፓኖች ከመጠጥ ጋር ትንንሽ ምግብ የሚያቀርቡበት ቤት ነው።

ከሰል ላይ የሚጠበስ ዶሮ አዘዘች። ቀኑ ግን ዓርብ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ሳያልፍ ሥጋ አልበላም።

«ወጥ ቤቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ይዘጋል። ብይ በቃ! እግዜር እዚህ ድረስ አይመጣም» አለችኝ።

«በትራም ይመጣል» አልኳት።

ለልጄ ደስታ አብሬያት መብላት ፈልጌ ነበር፤ ጾሜን መሻር ግን አልሆነልኝም።

ጠባሹ ሰውዬ ነገሩን ሲሰማ ስቆ፣ የእኔን ዶሮ እንዳይቀዘቅዝ ከሰሉ ጥግ አቆየልኝ። እኔም የአኩሪ አተር እሸት እየፈለፈልኩ ጠበቅኩ። አጠገባችን የተቀመጡትም ወሬውን ሰምተው ሰዓት ማየት ጀመሩ።

ቆጠራው አልቆ ቤቱ ሲያጨበጭብ፣ ልጄ ፊት ያለውን ሳህን አየሁት። ምንም አልተነካም።

«አንቺ! ያንቺ እኮ በረዶ ሆነ!»

«ታዲያ ብቻዬን ልብላ?» አለችኝ፣ ጾም የሚባል ነገር ጾማ የማታውቀው ልጅ።

እናንተስ፣ ሳይጾም ጾማችሁን ያገዛችሁ ሰው አለ? እስቲ ንገሩኝ።