ከትናንት ጀምሮ

ካምቢዮ ሠሪው ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ጫማውን ጠርጎ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጣል። ዛሬ መሪውን የያዘችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፤ አሮጌዋ አውቶማቲክ መኪናዋ ከባሏ ጋር እኩያ ናት።

«ፍሬን ያዢና ማርሽ አስገቢ፤ ነዳጅ እንዳትሰጪ።»

መዳፉን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት እስኪቆጥር መኪናዋ ዝም አለች፤ ከዚያ ደንገጥ ብላ ማርሹን ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ግን የቱታውን ቁልፎች ነበር የምታየው። በጥቁር ቱታ ላይ በቀይ ክር፣ ዓይኗ የደከመ ሴት የሰፋቻቸው ይመስላሉ።

«እንዲህ መዘግየት የጀመራት ከመቼ ነው?»

«ከትናንት።»

ፈገግ አለ። «እህቴ፣ እኔ ጋ የመጣች መኪና ሁሉ ከትናንት ነው የጀመራት።» ወርዶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘና በነጭ ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ጠቆረ። አሸተተውና ለሷም አቀረበላት፤ ዘይቱ አርሯል።

«ይሄ የትናንት ሽታ ነው?»

አፈረች። «እውነቱን ለመናገር ጋሼ፣ ዓመት ሊሞላት ነው። በራሱ ይተዋታል ብዬ እኮ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለ፣ ሳይቆጣ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ሰምቶ ሰምቶ፣ በዚያው በረጋ ድምፁ፦ «እማዬ፣ ደረትሽን መውጋት የጀመረሽ ከመቼ ነው?»

መልሱን ሲሰማ ትከሻው ወረደ።

«እሰይ! ከትናንት ከሆነማ ምንም አይደል።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን አየች።