ጋሽ ሜትር መኪና ሲከራይ

ጋሽ ሜትር ልብስ ሰፊ ነው። ጋሽ ሜትር የተባለው የልኬት ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ነው። ሲበላም፣ ሲያንቀላፋም፣ ከሰው ሲጣላም አንገቱ ላይ ነው። ሚስቱ እንደምትለው የሠርጋቸው ዕለት ከከረባቱ ሥር ሸጉጦት ነበር፤ ፎቶው ላይ ጫፉ ብቅ ብሎ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ድረስ ይነበባል።

የሥራ ልማዱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰው የሚጠገን ኮት ይዞ ሲመጣ ጋሽ ሜትር ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና ጠመኔውን ያነሳል። ባለቤቱ ፊት ቆሞ ቀዳዳውን ይከባል፣ እድፉን ይከባል፣ ቁልፍ የጎደለበትንም ቦታ ይከባል። «ይሄ ያንተ ነው። ይሄም ያንተ ነው። ይቺ የዘይት ጠብታም ካንተው ጋር ነው የመጣችው» ይላል። ይህን የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። አንድ ደንበኛ ራሱ በሲጋራ ያቃጠለውን ሱሪ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ብሎ ድርቅ በማለት አዲስ ሱሪ አሰፋው። ጋሽ ሜትር በሕይወቱ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳይከብ የተቀበለው ነገር ቢኖር ሚስቱን ብቻ ነው፤ እሷንም ቢሆን ቀደም ብሎ ስላገባት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ መኪና ሊከራይ የሄደው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የእህቱ ልጅ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች «ቬሎሽን የምሰፋው እኔ ነኝ» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ልጅቷ ቃሉን አልረሳችም። ቬሎው የታችኛው ጠርዙ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ፣ ሦስት ጊዜ ተሰፍቶ፣ ያለቀው የሠርጉ ዋዜማ ነው። ሠርጉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ሙሽራዋ ከቤቷ የምትወጣው ስምንት ሰዓት። የእህቱ ቤት ደግሞ በመኪና ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። አውቶቡስ የማይታሰብ ነው፤ ቬሎው በሽንኩርት ጆንያና በሰው ክርን መሀል ሲጋፋ ውሎ፣ መንገድ ላይ አርጅቶ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው መኪና አከራይ ቢሮ ደረሱ፤ ጋሽ ሜትር፣ ሚስቱና የሚስቱ ወንድም። የሚስቱን ወንድም ሰው ሁሉ ፍሬን የለሽ ይለዋል፤ ስሙ ለመኪናውም ለአፉም ይሠራል። ሃያ ዓመት የዱቄት መኪና ስለነዳ ዛሬ የመጣው በአማካሪነት ነው።

«ኢንሹራንሱ የትኛው ይሁንልዎ?» አለች የቢሮዋ ሠራተኛ። ከኋላዋ ቁልፎች በሚስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ ከላይዋ አንድ ማራገቢያ ይንቋቋል።

ጋሽ ሜትር አፉን ሳይከፍት ፍሬን የለሽ ዘሎ ገባ። «ምንም አንፈልግም! ኢንሹራንስ የፈሪ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ዱቄት ስጭን አንድም ቀን…»

«አንተ የጫንከውን ዱቄት የበላ ሰው አለ?» አለችው እህቱ። «ግማሹ ገደል ውስጥ አይደል እንዴ ያለው?»

ሠራተኛዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። የመጀመሪያው የሦስተኛ ወገን ነው፤ እሱ ከኪራዩ ጋር ይመጣል። ሰው ቢገጩ፣ የሰው መኪና ወይ አጥር ቢያበላሹ ለተጎዳው ይከፍላል፤ ለተከራዩት መኪና ግን አይከፍልም። ሁለተኛው ለመኪናዋም ይከፍላል፤ ነገር ግን ተቀናሽ የሚሉት አለ፤ እስከ ተወሰነ ድረስ ያለው ጉዳት ከተከራዩ ኪስ ነው። ሦስተኛው ተቀናሹንም ያነሳል፤ ዋጋው ታዲያ እጥፍ ነው።

ጋሽ ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ሜትሩን በጣቱ እየጠቀለለ አሰበ።

«ቆይ ልጄ። በመጀመሪያው፣ መቀሴ አምልጦኝ የደንበኛ ኮት ብቀድ ትከፍሉልኛላችሁ፤ የራሴን ጨርቅ ብቀድ ግን አታውቁኝም።»

«በትክክል!»

«በሁለተኛው የራሴንም ጨርቅ ትተኩልኛላችሁ፤ የመጀመሪያዋን አንድ ክንድ ግን እኔ ነኝ የማመጣ።»

«አዎ፣ አዎ!»

«በሦስተኛው ያቺንም አንድ ክንድ እናንተው።»

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እዚህ ወንበር ላይ አራት ዓመት ተቀምጬ እንዲህ ግልጽ ብሎልኝ አያውቅም።»

«እኔም ገና አሁን ነው የገባኝ» አለ ከኋላ የተሰለፈ አንድ ግዙፍ ሰው፤ ላቡን እየጠረገ። «ለካ ባለፈው ወር የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ ነው ከተራራ ተራራ ስዘል የከረምኩት!»

ጋሽ ሜትር ወሰነ። «አንድ ክንድ ጨርቅ ከመደርደሪያዬ አይጠፋም፤ ብከስር እችለዋለሁ። ሙሉ ጣቃ ቢቃጠል ግን ሱቄን እዘጋለሁ። ሁለተኛውን ስጪኝ። ለተሳፋሪስ?»

«ለብቻው ትንሽ ይጨመርበታል። ሹፌሩን ጨምሮ ለአምስት ሰው። ስድስተኛ ሰው ከተጫነ ግን ለአንዳችሁም አይሠራም።»

«ጨምሪው። ሌላ ሰው ቢነዳስ?»

«ስሙ ውሉ ላይ ከሌለ ሁሉም ዋስትና ይቀራል።»

«ሚስቴን ጻፊያት።»

«እኔንም ጻፊኝ» አለ ፍሬን የለሽ።

«እሱን አትጻፊው!» አሉ ባልና ሚስት በአንድ አፍ።

«እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ጋሽ ሜትር ግን አልፈረመም። ወረቀቱን ገለበጠው። ልብስ የሚታወቀው በገበሩ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጀርባው ጉንዳን በመርፌ የጻፈው በሚመስል ፊደል ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኪሱ የክር ማያ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ማራገቢያው ተንቋቋ፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ፤ ሰዓቱ ሦስት አለፈ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ፤ «ልጅቷ ወልዳ፣ የወለደቻትን እስክትድር ልታነብ ነው? ቬሎው እኮ እጃችን ላይ ነው!»

«ቁጥር አሥራ አንድ» አለ ጋሽ ሜትር ቀና ብሎ። ፊቱ ተለዋውጧል። «‹አስፋልት ባልሆነ መንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የትኛውም ዋስትና አይሠራም።› የእህቴ ቤት መዳረሻ አንድ ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው።»

«ታዲያ ማን ያይሃል?» አለ ፍሬን የለሽ።

«ጠጠሩ ያየኛል። ያውም ከሥር ሆኖ።» ወደ ሠራተኛዋ ዞረ። «ልጄ፣ ቬሎውስ? እሱ ቢበላሽ?»

«ዕቃ አይሸፈንም ጋሼ።»

«እንግዲያው እሱን የምሸፍነው እኔ ነኝ» አለና ፈረመ።

ሁሉም ተነፈሱ። ቸኩለው ነው የተነፈሱት። ግቢው ውስጥ ነጯ ትንሽ መኪና ስትታይ ጋሽ ሜትር ኪሱ ገባ፤ ሮዝና ሰማያዊ ጠመኔ ይዞ ወጣ።

«ይሄ የናንተ ነው» አለ፤ በሩ ላይ ያለችውን ጭረት እየከበበ። «ይሄም የናንተ ነው። ይቺ ጎድጓዳም የናንተ ናት።» ሠራተኛዋ ከኋላው እየተከተለች ትጽፋለች። ከፓራፋንጎው ወደ ኮፈኑ፣ ከኮፈኑ ወደ ስፖኪዮው፣ ሆዱ መሬት እስኪነካ አጎንብሶም ከሥር። አርባ ሦስት ክብ! ፍሬን የለሽ ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ መኪናዋ ኩፍኝ ወጣባት!»

ሲነሱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቬሎው የኋላ ወንበሩን እንደ ንግሥት ይዞ ተንጋልሏል፤ ፍሬን የለሽ ጥግ ላይ በአንድ ቂጡ ተቀምጧል። መሪውን የያዘው ጋሽ ሜትር ነው። እሱ ሲነዳ ደግሞ መንገዱን የሚለካው ይመስላል። ብስክሌት አለፈው። ጋሪ አለፈው። አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ጎን ለጎን ሄደው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ጤንነቱን ጠይቀው አለፉት።

«ውረድ» አለች ሚስቱ።

«እንዴ?»

«ስሜ ውሉ ላይ አለ። ውረድ!»

ወረደ። እሷ መሪውን ስትይዝ ዛፎቹ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመሩ፤ ፍሬን የለሽም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ በይ!» አለ።

አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠጠር፤ መሀል መሀሉ ላይ የበግ ግልገል የሚያክል ድንጋይ የተጋደመበት። ሚስቱ መኪናዋን አቆመችና ባሏን አየችው።

«ለአንዲት ወረቀት ብለን በእግር?» አለ ፍሬን የለሽ። «ልጅቷ እየጠበቀች?»

ጋሽ ሜትር ሰዓቱን አየ፣ ድንጋዩን አየ። «መኪናዋ ድንጋይ ላይ ብትቀመጥ ቬሎውም አብሮ ይቀመጣል። እግር ግን ድንጋይ ያልፋል። ተሸከሙ!»

ቬሎውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ በሰልፍ ተጓዙ። ሦስት ጉንዳን አንድ ደመና የተሸከሙ መሰሉ። መንገዱ አጋማሽ ላይ በሪባን ያሸበረቀች ጥቁር መኪና ሆዷን ድንጋይ ላይ አስደግፋ፣ ዘይቷን አፍስሳ ቆማለች። ሹፌሩ ስልኩ ላይ ይጮኻል፤ «እንዴት አይሠራም? ሙሉ ኢንሹራንስ ብዬ እኮ ነው የተከራየሁት! ምን? ቁጥር አሥራ አንድ?» ሙሽራው የመጣባት የሙሽሮች መኪና ናት፤ እሱ ራሱ ወርዶ በእግሩ ቀድሟል።

ጋሽ ሜትር «አላልኩም?» የሚል ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ አለ።

ቤት የደረሱት ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ሙሽራዋ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ ዓይኗ ቀልቶ ትጠብቃለች። አጎቷን ስታይ ጮኸች። ቬሎው ገባ፤ ወገቡ ላይ ክር የምታህል ስህተት የለበትም። ጋሽ ሜትር ለማረጋገጥ ሜትሩን ከአንገቱ ሊያወርድ ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው።

ከዚያ ሁሉም በእግር ወረዱ። ሙሽራዋ ከቬሎው ሥር ስኒከር አድርጋ፣ እናቷና የአጎቷ ሚስት ጠርዙን ከፍ አድርገው፣ ሙሽራው ዘይት የነካው ጫማውን እየደበቀ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ሙሽራዋ ቆም አለች። ነጯ መኪና ሮዝና ሰማያዊ ክቦቿን ለብሳ ፀሐይ ላይ ታበራለች።

«አጎቴ! ለኔ ብለህ ነው ያስጌጥካት?»

ጋሽ ሜትር እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ እግሩን ረገጠችው። «ጠዋቱን ሙሉ ሲለፋባት ነው የዋለው» አለች። ይሄም ውሸት አልነበረም።

ሙሽሮቹና የሙሽራዋ እናት ከኋላ ገቡ፤ ሚስቱ ከፊት። ሙሽራ የማደርሰው እኔ ነኝ ብሎ መሪውን ጋሽ ሜትር ያዘ። ፍሬን የለሽ በሩን ከፈተ። «እስቲ ጠጋ፣ ጠጋ በሉ።»

ጋሽ ሜትር ውሉን ከደረት ኪሱ አወጣ። «አምስት ሰው። ስድስተኛ ከገባ ለአንዳችንም አይሠራም።»

«አዳራሹ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው እኮ!»

«ኢንሹራንስ የፈሪ ነው አላልክም?» አለችው እህቱ መስታወቱን እያወረደች። «ፈሪዎቹ በመኪና እንሄዳለን። ጀግናው በእግርህ ና።»

መኪናዋ ተነሳች፤ በሙሽራ ወግ፣ በጋሽ ሜትር ፍጥነት። ፍሬን የለሽ አንድ መቶ ሜትር ያህል ከጎኗ እየተራመደ በመስኮቱ ሲሟገት ቆየ። ከዚያ ሰለቸውና ቀድሟቸው ሄደ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ኮቱን አራግፎ፣ ላቡን አድርቆ፣ እየጠበቃቸው ነበር። የሙሽራዋን በር በክብር ከፈተና ወደ ጋሽ ሜትር ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ አንተ ስትነዳ እንኳን ኢንሹራንስ ፍሬንም አያስፈልግም!»